ሹም ሲነሣ አገር ይነሣል

ወንድሜን ሹም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለጉራ አይደለም የምለው፤ በእኛ በአሻንቲዎች ዘንድ ሹም የሚታጨው በንግሥት እናቲቱ አፍ ስለሆነ ነው። ንግሥት እናት ይበሉኝ እንጂ እናቱ አይደለሁም። ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ያውም አፍንጫውን እየጠረግሁ ያሳደግሁት። አጎታችን ሞቶ የአያቶቻችን በርጩማ፣ ዙፋናችን ማለት ነው፣ ባዶውን ሲቀር ሽማግሌዎቹ መጥተው «ናና ቢራጎ፣ ማንን ትሰጭናለሽ?» አሉኝ። ናና የሹምም የንግሥት እናትም የክብር መጠሪያ ነው። «አምፔምን» አልኳቸው። ሽማግሌው ፍሬምፖንግ የራሱን እህት ልጅ ሊያስቀምጥ ሲያደባ ኖሮ ነበርና ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቱ ተፈትቶ አያውቅም።

ሌላም ሥልጣን አለኝ። በከተማችን ሹምን በሰው ፊት መውቀስ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ሌላው ቢሞክረው በግ ጎትቶ፣ መጠጥ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። እኔ ግን ይህን መብቴን አንድም ቀን አውጥቼው አላውቅም ነበር። ጓዳ ውስጥ የማወርድበት ውርጅብኝ ይበቃዋል።

በዝናቡ ወራት የአምፔም ልብ ደከመ። ከእልፍኙ እስከ ግቢው በር ሄዶ ሲመለስ ያለከልካል፤ ሌሊት ጋደም ካለ ያፍነዋል። ሆስፒታል ወሰድነው። ዶክተሯ ጂፋ የምትባል ልጅ ናት፤ ከቮልታ ወንዝ ማዶ የመጣች፣ ከሌላ ሕዝብ፣ ከኤዌዎች ስለሆነች የእኛን ወግ አታውቅም፣ ሥራዋን ግን ታውቃለች። «ልባቸው ደክሟል፣ ውኃ በሰውነታቸው እየተጠራቀመ ነው» አለችና ብዙ ዓይነት ክኒን አዘዘች። ከመካከላቸው አንዷ ትንሽ ነጭ ክኒን ነበረች፤ በሽንት ውኃ የምታስወጣ። ከቁርስ ጋር ትዋጥ ተባለ። ደህና ክኒን ናት። ጥፋቷ ሥራ አለመለገሟ ብቻ ነው።

በየስድስት ሳምንቱ እሑድ የአኳሲዳኤ በዓል አለን። ሹሙ ኬንቴ የሚባለውን ባለ ብዙ ቀለም ከባድ ልብሱን ተጎናጽፎ፣ ወርቁን ተሸክሞ ከትልቁ ጃንጥላ ሥር ይቀመጣል፤ አገሩም በተራ እየመጣ እጅ ይነሣዋል። እሱ ሳይነሣ ማንም አይነሣም። እሱ ሲነሣ ደግሞ ብቻውን አይነሣም። ቀንደ መለከት ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል፣ ጃንጥላ ያዡ፣ ጎራዴ ያዡ፣ በርጩማ ተሸካሚው ሁሉም ይከተለዋል።

እንግዲህ ያን እሑድ አምፔም ክኒኗን በቁርስ ዋጠ፣ ወጣ፣ ተቀመጠ። የእንግዳው እኩሌታ እንኳ እጅ ሳይነሣ ወንድሜ ብድግ አለ። መለከት ነፊው የተቀጠረው እንዲነፋ እንጂ «ወዴት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አይደለምና ነፋ። ከበሮው ተከተለ። ሕዝቡ ተነሣ። ሴቶቹ የመሰናበቻውን ዘፈን ጀመሩ። ጓዳ ያሉት ወጥ ሠሪዎች በዓሉ አለቀ ብለው ምግቡን አወጡት። ያ ሁሉ ሰልፍ በከበሮ እየተመራ ከግቢው ጀርባ ሄዶ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከበሮ መቺዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው ስለማያውቅ መምታታቸውን ቀጠሉ። «እትዬ ሙች» አለኝ ማታ፣ «በከበሮ አልመጣልህ አለኝ።»

ተመልሶ ሲቀመጥ ወጉ እንዲህ ነውና እጅ መንሣቱ ከመጀመሪያው ሰው ተጀመረ። እንደገና ተነሣ። አሁንም ተነሣ። የጎረቤት ከተማው ሹም ሲሰናበት «ወንድሜ አምፔም፣ ዛሬ ሦስት በዓል አክብረናል፤ ለመጪው ዓመት አትጥራን» ብሎ ሄደ። እሱስ ቀልዶ ነው። ፍሬምፖንግ ግን አልቀለደም። በየደጁ እየዞረ «ሹማችን መቀመጥ አቅቶታል። መቀመጥ ላቃተው ሰው በርጩማ ምን ያደርግለታል?» ይል ጀመር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይቺ ወሬ ግን ባለቤቷ ዘንድ ወዲያው ደረሰች። አምፔም ክኒኗን ተወ። ለማንም አልነገረም። በቀጣዩ በዓል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንቅንቅ ሳይል ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ «ናና እንደ ተራራ ዋሉ» ብለው አመሰገኑት። ምስጋና ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ለበዓል ቀን ብሎ የተዋትን ክኒን ለሁልጊዜው ተዋት።

ከዚያ እግሩ ማበጥ ጀመረ። የሹም ባዶ እግር መሬት ከነካ ረሃብ ይገባል ብለን እናምናለን፤ ሹም ሲሻርም መጀመሪያ የሚደረገው ጫማውን ከእግሩ ማውለቅ ነው። ስለዚህ ጫማው አልገባ ሲለው ጫማ ሰፊውን በጓሮ በር አስጠሩት። ሰፊው ማሰሪያውን ለቀቅ አደረገ። በሳምንቱ ተመልሶ ለቀቅ አደረገ። ሦስተኛ ሲጠራ ሰውየው ግራ ገብቶት «ናና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እግርዎ እያደገ ነው?» አለ። ቃል አቀባዩ ባፉር ከጎን ሆኖ «አገር ሲሰፋ የሹሙ እግር ካልሰፋ በምን ይዞረዋል?» ብሎ መለሰለት።

ስለ ባፉር ልንገራችሁ። ሹም ከሰው ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። በቃል አቀባዩ ጆሮ ያንሾካሹካል፤ ቃል አቀባዩ ባለ ወርቅ በትሩን ይዞ ለሰው ያሰማል። የቃል አቀባይ ሥራው ቃሉን ማድረስ ብቻ አይደለም፣ ማሳመርም ነው። ሹሙ «ራበኝ» ቢል እሱ «የግቢው ምድጃ እንግዳ ናፈቀው» ይላል። በዚህ ሙያ ባፉርን የሚስተካከለው የለም። ጣጣውም ከዚሁ መጣ።

ለምርመራ ሲሄዱ እኔ አልነበርኩም። በኋላ ባፉር ራሱ ደረቱን ነፍቶ ነው የተረከልኝ።

«አባባ፣ ክኒኑን እየወሰዱ ነው?» ብላ ዶክተሯ ጠየቀች።

ባፉር በትሩን ወለሉ ላይ ቋ አደረገ። «ልጄ፣ ናና አባባ አይባሉም። ደግሞም ጥያቄው በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።»

አምፔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልዋሸም። በጆሮው «ያቺን ክኒን ትቻታለሁ፣ እረፍት ነሣችኝ በላት» አለው። ባፉር ቀና ብሎ «ናና እንዲህ ይላሉ፦ ያቺ ክኒን በእልፍኛችን የክብር ቦታ ተሰጥቷታል፤ ከቦታዋም የሚያነቃንቃት የለም» አለ።

«ጥሩ፣ እየወሰዱ ነው ማለት ነው። እንቅልፍስ?»

አምፔም «ሌሊት ያፍነኛል፣ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው» ብሎ አንሾካሾከ።

«ናና ስለ ሕዝባቸው ሲያስቡ ቁጭ ብለው ያነጋሉ።»

ልጅቱ ምን ታድርግ? እግሩን በጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷ የተጫነበት ጎድጉዶ ቀረ። «ክኒኑን እየዋጡ እንዲህ ካበጡማ አልበቃቸውም። እጥፍ እናደርገዋለን» አለች። እንዲህ ሆኖ አንድ ክኒን የማይውጠው ወንድሜ ሁለት የማይውጥ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

ክኒኑ እጥፍ ሆነ ሲሉኝ ደነገጥኩና በየማለዳው እኔው ራሴ ይዤለት መሄድ ጀመርኩ። እጁ ላይ አደርግለታለሁ፣ ውኃ እሰጠዋለሁ፣ ሲጎርስ አያለሁ። እግሩ ግን ይባስ ማበጡን ቀጠለ።

በዚያው ሰሞን የግቢው በግ ታመመ ተባለ። ለአያቶች በርጩማ የሚሠዋ፣ ለበዓሉ የሚቀለብ ሙክት ነው። በግ ጠባቂው ዕንባ እያነቀው መጣ። «ናና ንግሥት እናት፣ በጉ ተደግሞበታል! ገንዳ ሙሉ ውኃ ይጠጣል፣ ሲሸና ይውላል። ስቡ ሁሉ ሄዷል። አጥንቱን መቁጠር ይቻላል!» ፍሬምፖንግ ይህን ሲሰማ ሠርግ ሆነለት። «አያቶች በጉን ጠሉ፤ በጉን የጠሉት ሰጪውን ጠልተው ነው» አለ።

እኔ በድግምት አላምንም፤ ቢያንስ ከማየቴ በፊት አላምንም። ማልጄ ወደ በረቱ ሄድኩ። ሹም፣ የከተማው ጌታ፣ ባዶ እግሩ መሬት መንካት የሌለበት ሰው፣ በረት ውስጥ ጎንበስ ብሎ ለበግ በእጁ ያም የሚባለውን ሥራሥር ቀቅሎ ያጎርሳል። ያሙ መሐል ነጭ ነገር አየሁ።

«አንተ!» አልኩት። «በጉም የልብ ድካም አለበት?»

ብድግ ሲል ትንፋሽ አጥሮት በረቱን ተደገፈ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ሲሆን አላየሁትም፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ቁጣዬ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። የአንድ እናት ልጆች ብዙ ነበርን። የቀረነው ሁለታችን ነን።

«እትዬ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ከምላስህ ሥር ደብቀህ ነው? ዕድሜ ልኬን ያሳደግሁህን እኔን እንደ ሕፃን አታለልከኝ?»

«በሚመጣው በዓል ከፍተኛው ሹም እኛ ጋ ይመጣሉ» አለኝ። የአውራጃው ሹማምንት ሁሉ የሚሰግዱላቸውን ሽማግሌ ማለቱ ነው። «እሳቸው ፊት ሦስት ጊዜ ብነሣ ፍሬምፖንግ ጫማዬን በእጁ ነው የሚያወልቀው። የተሻረ ሹም ሆኜ ከምኖር ሹም ሆኜ ልሙት።»

«ከሞትክስ ጫማው ምን ያደርግልሃል?»

«ሹም አይሞትም። ‹ወደ መንደራቸው ሄዱ› ነው የሚባለው።»

«ታዲያ እኔ እዚያ መንደር ድረስ ተከትዬህ መጥቼ ልስደብህ?»

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ እስኪያልፍ ጀርባውን እያሻሸሁ ቆየሁና «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ለዶክተሯ ትነግራታለህ» አልኩት። «እሺ» አለኝ። የሹም እሺታ ግን በባፉር በኩል የሚያልፍ መሆኑን ረስቼ ነበር።

በማግሥቱ አጃቢው ሁሉ አብሮን ሄደ። የምርመራው ክፍል ጠባብ ነው፤ ጃንጥላ ያዡ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ በሩ አልዘጋ አለ። ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ የከተማው ሕመምተኛ ተሰልፎ ተቀምጧል፤ የፍሬምፖንግ ሚስት ሳትቀር።

«እንዴት ነዎት? ክኒኑ እጥፍ ከሆነ በኋላ ለውጥ አለ?» አለች ዶክተሯ።

አምፔም ባፉርን ሳብ አድርጎ ረጅም ነገር አንሾካሾከለት። ባፉር አንገቱን ነቀነቀ፣ በትሩን ቀጥ አደረገ። «ናና እንዲህ ይላሉ፦ መድኃኒቱ በግቢያችን ታላቅ ሥራ ሠርቷል። እስከ በረታችን ድረስ በረከቱ ፈስሷል…»

እዚህ ላይ ነው የተነሣሁት። ይህን መብት አያቶቼ የሰጡኝ ለጦርነትና ለመሬት ጉዳይ እንጂ ለሽንት ጉዳይ አልነበረም። ግን የሚሞተው ወንድሜ ነው።

«ናና አምፔም!» አልኩ በሰው ሁሉ ፊት። «እኔ ቢራጎ፣ በበርጩማው ያስቀመጥኩህ፣ እወቅስሃለሁ። ክኒኑን በአፍህ አልዋጥክም፤ በግ ነው የዋጠው። የተውከውም በበዓል መሐል ሽንትህ እንዳይመጣ ፈርተህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንተ ደግሞ መድኃኒቱንም ደበቅከው! ባፉር፣ አንተም አፍህን ዝጋ።»

ኮሪደሩ ላይ ሲያስል የነበረው ሁሉ ሳሉን አቆመ። የፍሬምፖንግ ሚስት ተራዋን ጥላ ወደ ቤቷ ስትሮጥ በበሩ በኩል አየኋት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉት የለ? ነገሩ ወጥቷል፣ አይመለስም።

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። አልሳቀችም፤ ለዚህም እወዳታለሁ። «እጥፍ ያደረግሁት ጭራሽ ባልተዋጠ ክኒን ላይ ነበር ማለት ነው» አለች ለራሷ። ቀጥላ ወንድሜን ዓይን ዓይኑን እያየች «አባባ፣ ማለዳ መሆን አለበት ያለው ማነው? እኔ ነኝ፣ ግን ሥራዎ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በበዓል ቀን ከበዓሉ በኋላ ይዋጡት፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ቤትዎ ሲገቡ። እጥፉን ደግሞ እናስቀራለን፤ በድሮው ልክ እንጀምር። ከድሮ ጀምሮ የሚውጧትን ይቺን ቢጫ ክኒን ግን አቁሜያታለሁ። ለድሮው የደም ግፊትዎ የተሰጠች ናት፤ ግፊትዎ አሁን ወርዷል፣ ሲነሡ ራስዎን ልታዞርዎ ትችላለች» አለችው።

አምፔም ባፉርን ረስቶ ራሱ ተናገረ። «እኔ ሳቆም አገር ይያዝ ተባለ። አንቺ ስታቆሚ ምንም የለም?»

«ማቆሙ አይደለም ጥፋቱ። ለእኔ ሳይነግሩኝ ማቆሙ ነው» አለችው።

ወንድሜ ክኒኑን መዋጥ ጀመረ፣ እኔን ማናገር ግን ተወ። እግሩ ጎደለ፣ ትንፋሹ ተመለሰ፣ ሌሊት ጋደም ብሎ ይተኛል አሉኝ። አሉኝ የምለው ፊቱን ስላላየሁ ነው። በየማለዳው እሄዳለሁ፤ ባፉር በሩ ላይ ቆሞ፣ እሱም እንደ ውሻ አፍሮ፣ «ናና ዛሬ ሰው አይቀበሉም» ይለኛል። ከተማው ይስቃል። ፍሬምፖንግ በበዓሉ ዕለት ከፍተኛው ሹም ፊት ክስ ሊያቀርብ ሽማግሌ እየሰበሰበ ነው። ወንድሜን ከሞት ባድነው ከበርጩማው የጣልኩት እኔ ልሆን ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

በዓሉ ደረሰ። ከፍተኛው ሹም ግን አልደረሱም። የመኪናቸው ጎማ ተበሳ አሉ፣ ሌላ ለቅሶ ደረሱ አሉ፤ ትልቅ ሰው የዘገየበት ምክንያት አያልቅም። ስምንት ሰዓት ሲሆን አምፔም ቤቱ ሊገባ ቀርቶ በዓሉ ገና አልተጀመረም። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል እኚያ ሽማግሌ መጡ፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ከወንድሜ ጎን ተቀመጡ፣ ንግግሩ ተጀመረ።

እኔ ከግራው ነኝ። ኬንቴው ደረቱ ላይ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ከንፈሩን አየሁ። ክኒኗን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዤ ነበር፤ ፈታሁና መዳፌ ላይ አድርጌ ዘረጋሁለት። አላናገርኩትም። ዓይኑን ወደ ፍሬምፖንግ ወሰደ፣ ወደ ከፍተኛው ሹም መለሰ፣ መዳፌን አየ። ቢውጣት መነሣት አለ። ባይውጣት ምን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። እጄ እስኪዝል ድረስ ዘርግቼ ቆየሁ።

ወሰዳት። ሹም በአደባባይ ሲጠጣ አይታይምና አሽከሮቹ ጨርቅ ጋረዱለት፣ ዋጣት።

ክኒኗ መቼም አትለግምም። ፍሬምፖንግ ክሱን ሊያቀርብ ጉሮሮውን ሲጠርግ ወንድሜ ባፉርን በምልክት ጠራው፣ በጆሮው ተናገረ። ባፉር ቀና አለ፣ በትሩን አነሣ፣ ምራቁን ዋጠ። ምን ዓይነት አበባ ሊነሰንስበት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። አምፔም የልብሱን ጫፍ ያዝ አደረገው። «ሳታሳምር» አለው፣ እኔም እስክሰማ ድረስ።

ባፉር በሕይወቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ተሰጥቶት አያውቅም። በትሩን ዝቅ አደረገ።

«ናና ሽንታቸው መጥቷል» አለ።

መለከት ነፊው መለከቱን ግማሽ መንገድ ላይ አቆመው። ፍሬምፖንግ ብድግ ብሎ «ሰማችሁ! ሰማችሁልኝ!» አለ። ከፍተኛው ሹም አንዲት ጣታቸውን አነሡ። የእሳቸው ቃል አቀባይ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ እንደገና ጆሮውን ሰጠ፣ ከዚያ ለሕዝቡ ዞረ።

«ታላቁ ናና እንዲህ ይላሉ፦ ይህን የሚናገር ሹም እስኪመጣ በየበዓሉ ተቀምጠን ጠብቀናል። በየት በኩል ነው?»

ሁለቱ ሹሞች ሲነሡ ከኋላቸው የነበሩት ሽማግሌዎች በሙሉ፣ ወገቤን የሚለው፣ ጉልበቴን የሚለው፣ እንደ ጎረምሳ ተነሡ። እንደ በኋላው ወሬ ከሆነ ግማሾቹ ሽንት የሚያመጣባቸውን የግፊት ክኒናቸውን በየበዓሉ ሲተዉ የኖሩ ናቸው፤ ሹም ሳይነሣ ማን ይነሣል? ፍሬምፖንግ ክሱን ለመቀጠል አፉን ከፍቶ ነበር። ጉልበቱን አጣብቆ ሲያመነታ አየሁት። ወዲያው ዝም ብሎ ሰልፉን ተቀላቀለ።

ግቢያችን ውስጥ ያለው ሽንት ቤት አንድ ነው። በማዕረግ የሚቀድሙት ከፍተኛው ሹም ናቸውና እሳቸው ገቡ፣ አልቸኮሉምም። ሁለቱ ከተሞች ከነከበሯቸው ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ወንድሜ ወርቁ እየተንኳኳ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሩ ይቆማል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ ያለ ችግር ይወጣል ይገባል። ዕንባዬ አመለጠኝ፣ አልደበቅሁትም።

ከዚያን የሐኪም ቤት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«እትዬ» አለኝ ጥርሱን ነክሶ፣ «አንቺን ምን ያስለቅስሻል? የቸገረው እኔን!»